ራውተሩን የሚያዘው ማን ነው? የቤት ኢንተርኔት በአራዳ የጋራ ግቢዎች

በአራዳ ጊዮርጊስና በመርካቶ መካከል የሚገኘው አትክልት ተራ ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የድንች ንግድ መናኸሪያ ሆኖ ቆይቶ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ሳቢያ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ከተዛወረና ኋላም በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሌላ ቦታ ከተሰጠው ወዲህ ከንግዱ ይልቅ በስሙ የሚታወቅ ሰፈር ሆኗል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ፌርማታም በዚሁ ስም ይጠራል። ገበያው ቢሄድም የአካባቢው ነባር አኗኗር የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ካስከተለው የቀበሌ ቤት ሥርዓት ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። በአንድ የግቢ በር ብዙ አባወራ ይገባል፣ ከአንድ ቧንቧ ብዙ ቤት ይቀዳል፣ አንድ የመብራት ቆጣሪም ለብዙ ቤት ይቆጥራል፤ ወር ሲደርስ ቆጣሪው በስሙ የተመዘገበው ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ከየቤቱ ድርሻውን ይሰበስባል።

የቤት ኢንተርኔት ወደ እነዚህ ግቢዎች ሲገባ ያገኘው ይህንኑ ልማድ ነው። አንዱ ቤት መስመሩን በስሙ ያስገባል፣ ሌሎቹ ወርኃዊውን ክፍያ ያዋጣሉ፣ የዋይፋይ የይለፍ ቃሉም ከበር ወደ በር ይተላለፋል። ይሁንና ቆጣሪ ይቆጥራል እንጂ አያዝም፤ ራውተር ግን ያዛል። ማን ኢንተርኔቱን እንደሚያገኝ፣ ማን እንደሚከለከል፣ በስልኩ ላይ የባንኩን ስም የጻፈ ሰው ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚመራ የሚወስነው ይህ በመስኮት ደፍ ወይም በቁም ሣጥን አናት ላይ የተቀመጠ ትንሽ ሣጥን ነው። ይህን ሥልጣን በእጁ የያዘው ሰው ማን እንደሆነ በአብዛኛው ቤት ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ ብዙ ጊዜም መልሱ፣ በሚገባ ሲመረመር፣ «ማንም» ወይም «ማንኛውም ሰው» ሆኖ ይገኛል።

ራውተር ማለት በመሠረቱ በሁለት መረቦች መካከል የሚቆም አስተላላፊ ነው። በአንድ ወገን ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጣው መስመር፣ የመዳብ ሽቦ ይሁን የብርሃን ገመድ ማለትም ፋይበር፣ ይገባበታል፤ በሌላው ወገን የቤቱ ስልኮች፣ ኮምፒውተሮችና ቴሌቪዥኖች በዋይፋይ ወይም በኬብል ይገናኙበታል። የውጭው ዓለም ከአንድ ቤት የሚያየው አንድ አድራሻ ብቻ ሲሆን፣ በውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ግን ራውተሩ የሚያድላቸው የየራሳቸው የውስጥ ቁጥር አላቸው። ለዚህ ዓይነት የግል አገልግሎት የተለዩት ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ዓለም አቀፍ ሰነድ የተወሰኑ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በ192.168 የሚጀምረው ክፍል 65,536 አድራሻዎችን ይይዛል። እነዚህ ቁጥሮች ከቤት ውጭ ትርጉም ስለሌላቸው 192.168.1.1 የሚለው አድራሻ በአራዳም፣ በጎንደርም፣ በቶሮንቶም በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲሠራ አይጋጭም። አንዱ አድራሻ ለብዙ መሣሪያ መዋሉ የሚያስከትለው ሌላም ነገር አለ፤ በግቢው ውስጥ ከአሥር ሰው አንዱ ያደረገው ነገር ከውጭ ሲታይ መስመሩ በስሙ የተመዘገበው ሰው ያደረገው ይመስላል። ይህ ነጥብ ሕግን በሚመለከተው ክፍል እንደገና ይነሣል።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት በጀመረበት በጥር 1989 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ግንኙነቱ የሚፈጠረው ኮምፒውተሩ በተራው የስልክ መስመር ደውሎ ስለነበር፣ ተጠቃሚው በየጊዜው የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን በእጁ ይጽፍ ነበር። ስለዚህም ከአገልግሎት ሰጪው ከቴሌ ጋር አንድ መዝገብ እንዳለው፣ ያ መዝገብም ስምና ምሥጢር እንዳለው፣ አንድም ተጠቃሚ አይዘነጋውም ነበር። በኋላ ኤዲኤስኤል የተባለው በስልክ ሽቦ ላይ የሚሠራ ፈጣን አገልግሎት፣ ቀጥሎም ፋይበር ሲመጣ፣ ያን የመጻፍ ሥራ ራውተሩ ተረከበው። ባለሙያው በተከላው ዕለት አንድ ጊዜ ያስገባው ስምና ምሥጢር በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ መብራት በመጣ ቁጥር ሣጥኑ ራሱ ያቀርበዋል። ምቾቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ ከዓይን ስለተሰወረ ከአእምሮም ተሰወረ፣ በእርሱም ቦታ «የዋይፋይ ፓስወርድ» የሚለው ብቻ በሰው አንደበት ቀረ።

እውነቱ ግን በአንድ የቤት ራውተር ዙሪያ ሦስት ልዩ ልዩ የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶች መኖራቸው ነው፤ አብዛኛው ችግርም የሚመነጨው እነዚህ ሦስቱ እንደ አንድ ከመቆጠራቸው ነው። የመጀመሪያው ከላይ የተጠቀሰው የደንበኝነት መለያ ሲሆን፣ ራውተሩ ለአገልግሎት ሰጪው ራሱን የሚያስተዋውቅበት ነው፤ ይህ መተዋወቅ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ፒፒፒኦኢ በተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ሲሆን፣ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ወደ ቤቱ መረብ የሚገቡበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአስተዳዳሪው መለያ፣ በተለመደው አነጋገር «አድሚን» የሚባለው ሲሆን፣ የራውተሩን የውስጥ ገጽ ከፍቶ የቀሩትን ሁለቱን ጨምሮ ሁሉንም ቅንብር ለማየትና ለመለወጥ የሚያስችለው ነው። በግቢው ሁሉ የሚታወቀው ሁለተኛው ከሦስቱ አነስተኛው ሥልጣን ያለው ነው፤ ከሁሉ የበላይ የሆነው ሦስተኛው ደግሞ መኖሩ እንኳ የማይታወቅ፣ ብዙ ጊዜም ከፋብሪካ እንደወጣ የተተወ ነው። አንድ የቤት ባለቤት «ፓስወርዱን ቀይሬዋለሁ» ሲል ሁለተኛውን ማለቱ እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የአስተዳዳሪው ገጽ የሚከፈተው በተራ የኢንተርኔት መቃኛ ማለትም በብራውዘር ነው። ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ወይም በኬብል የተገናኘ ማንኛውም ስልክ ወይም ኮምፒውተር በብራውዘሩ የአድራሻ መስመር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1፣ በአንዳንድ የፋይበር ሣጥኖች ደግሞ 192.168.100.1 ብሎ ሲጽፍ የመግቢያው ገጽ ይመጣል፤ ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ በሣጥኑ ሆድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከመነሻው ስምና የይለፍ ቃል ጋር ታትሞ ይገኛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሰናከለው ቁጥሩን በጉግል መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ ስለሚጽፈውና ስለ አድራሻው የሚያብራሩ ገጾች ተዘርዝረው ስለሚመጡለት ነው። ገጹ ያለው በራውተሩ ውስጥ እንጂ በኢንተርኔት ላይ ባለመሆኑ የቴሌ መስመር ተቋርጦም ቢሆን ይከፈታል፤ እንዲያውም መስመሩ ሲቋረጥ ምክንያቱን ለማወቅ ቀድሞ መታየት ያለበት እርሱ ነው።

በዚህ ገጽ የሚገባ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አያይም። ከአገልግሎት ሰጪ የሚመጡ ሣጥኖች በተለምዶ ቢያንስ ሁለት እርከን መለያ አላቸው። አንዱ ለደንበኛው የተሰጠ ሲሆን የዋይፋይ ስምን፣ የይለፍ ቃልንና ጥቂት ሌሎች ነገሮችን ለመቀየር ያስችላል፤ ሌላው ለአገልግሎት ሰጪው ባለሙያዎች የተያዘ ሲሆን የደንበኝነት መለያውንና የመስመሩን ጠባይ የሚወስኑ ቅንብሮችን ይከፍታል። ከዚህም በላይ አገልግሎት ሰጪው ወደ ቤት ሳይመጣ ሣጥኑን ከሩቅ የሚያስተዳድርበት ቲአር-069 የተባለ ሥርዓት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ ለመላክና የተበላሸ ቅንብር ለማስተካከል ያገለግላል። ይህ አሠራር ጠቃሚ ነው፤ በፋይበር መስመር ላይ የደንበኛው ስህተት የጎረቤቶችን አገልግሎት ሊያውክ ስለሚችልም የተወሰነ ቁጥጥር ተገቢ ነው። ቢሆንም ደንበኛው ሊያውቀው የሚገባ እውነት አለ፤ በቤቱ የተቀመጠው ሣጥን እርሱ የማያያቸው ክፍሎች አሉት፣ በእነዚያም ላይ የሚያዘው ሌላ ነው። በገበያ የተገዛ የግል ራውተር ግን እንዲህ ያለ ክፍፍል አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ አስተዳዳሪው አንድ ብቻ ነው፣ ኃላፊነቱም ሙሉ በሙሉ የገዢው ነው።

የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደመጣ መተዉ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ዓለም በተግባር አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ስድሳ ያህል የታወቁ የፋብሪካ ስሞችና የይለፍ ቃሎች ዝርዝር ብቻ ይዞ፣ «አድሚን» ለስምም ለይለፍ ቃልም የተደገመበትን ጨምሮ፣ በየአገሩ ያሉ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በር እያንኳኳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን ለራሱ አስገበረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር እነዚህ መሣሪያዎች በአንድነት ዳይን የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ በጥያቄ ብዛት አጥለቅልቀው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለሰዓታት እንዲሰናከሉ አደረጉ። ከአንድ ወር በኋላም የሚራይ ዝርያ የሆነ ጥቃት፣ ከላይ የተነሣው የሩቅ አስተዳደር የሚጠቀምበትን በር ዒላማ አድርጎ፣ 900,000 ያህል የጀርመኑ ዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ራውተሮች አገልግሎታቸው እንዲቋረጥ ምክንያት ሆነ። ሚራይ ያስገበራቸው መሣሪያዎች ባለቤቶች አብዛኞቹ የሣጥናቸው ጉልበት ለጥፋት መዋሉን አላወቁም፤ ኢንተርኔታቸው ትንሽ ከመዘግየቱ በቀር ምልክት አልነበረም።

ለተራው ቤተሰብ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የብራዚሉ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ወንጀለኞች በዚያች አገር 4.5 ሚሊዮን ያህል የቤት ሞደሞችን ሰብረው ገብተው በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቅንብር ብቻ ለወጡ። ዲኤንኤስ የተባለው ይህ ቅንብር፣ ሰው የሚጽፈውን የድረ ገጽ ስም ኮምፒውተሮች ወደሚግባቡበት ቁጥር የሚተረጉመው ማእከል የት እንደሆነ ለራውተሩ የሚነግረው ነው። ማእከሉ የሌባው ሲሆን፣ የባንኩን ስም በትክክል የጻፈ ሰው በትክክል ወደተሠራ የሐሰት ባንክ ይመራል። በስልኩ ላይ ቫይረስ የለም፣ የጻፈውም ስም አልተሳሳተም፤ የታመመው ራውተሩ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ የባንክ ገጾች በምስጢር ምስክር ወረቀት ስለሚጠበቁ ብራውዘሩ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ «ቀጥል» የሚለውን የሚጫን ሰው ግን አሁንም ከአደጋው አላመለጠም። የሞባይል ባንክና ቴሌብር የዕለት ተዕለት መገበያያ በሆኑበት ከተማ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ለሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ የይለፍ ቃል ይዞ መሸጥን በሕግ የከለከለችው እንዲህ ባሉ ምክንያቶች ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ከዋይፋዩ የተለየ አድርጎ መቀየር፣ በወረቀት ጽፎም ከቤቱ ሰነዶች ጋር ማስቀመጥ ነው። በወረቀት መጻፍ የሚነቀፍበት ጊዜ ቢኖርም እዚህ ላይ ነቀፋው ቦታ የለውም፤ ከኢንተርኔት በኩል የሚመጣ ሰባሪ የቤቱን መሳቢያ አይከፍትም። ከዚያው ገጽ ሳይወጡ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ስም ያለው፣ ገጹን ከውጭ ለመክፈት የሚፈቅደው ቅንብር ተዘግቶ እንደሆነ ማየትና ደብሊውፒኤስ የተባለውን በስምንት አኃዝ የሚሠራ አቋራጭ ማጥፋት ይገባል። ይህ አቋራጭ መቶ ሚሊዮን ዕድል ያለው ቢመስልም፣ ራውተሩ ቁጥሩን በሁለት ከፍሎ ስለሚያጣራው 11,000 ሙከራ ብቻ እንደሚበቃው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ተጋልጧል።

የዋይፋይ የይለፍ ቃል ምርጫ በአዲስ አበባ የራሱ ልማድ አለው፤ እርሱም የቤቱን ባለቤት ስልክ ቁጥር የይለፍ ቃል ማድረግ ነው። ቁጥሩ አሥር አኃዝ ስላለው ረጅምና ከባድ ይመስላል። ነገር ግን የኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 እንደሚጀምር ስለሚታወቅ ለመገመት የሚቀሩት ስምንት አኃዞች ብቻ ናቸው፤ ይህም በሁለቱም ወገን ተደምሮ 200 ሚሊዮን ዕድል ነው። አንድ ስልክ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን መልእክት ከአየር ላይ የቀረጸ ሰው ደግሞ ግምቱን በራሱ ኮምፒውተር፣ ራውተሩን ሳይነካ መሞከር ይችላል። ለጨዋታ የሚሸጥ ጥሩ የምስል ካርድ በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ግምት ስለሚፈትን፣ የስልክ ቁጥሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል። ከቁጥር ይልቅ እርስ በርስ የማይያያዙ አራት ወይም አምስት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል አያይዞ መጻፍ እጅግ ይሻላል፤ የይለፍ ቃሉ ከ8 እስከ 63 ምልክት ሊይዝ ይችላል። በግዕዝ ፊደል መጻፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ መሥፈርቱ የተቀረጸው በላቲን ምልክቶች ነውና። የዋይፋዩ ስም ለፊደላችን ትንሽ ይራራል፤ 32 ባይት የሚይዝ ሲሆን፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ እስከ አሥር ፊደል ያስተናግዳል። «አትክልት ተራ» ብሎ ለመሰየም የሚፈልግ ቤት 22 ባይት ብቻ ስለሚጠቀም ይበቃዋል፤ የራውተሩ ሠሪ የፈቀደለት እንደሆነ ነው እንግዲህ።

በጋራ ግቢ ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ግን የይለፍ ቃሉ ጥንካሬ ሳይሆን ስርጭቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ የአንድሮይድ እትም ወዲህ የተገናኘ ስልክ ሁሉ የይለፍ ቃሉን በካሜራ በሚነበብ ምልክት አድርጎ ለሌላ ማሳየት ይችላል፤ የይለፍ ቃሎችን ሰብስበው ለማንም የሚያካፍሉ አፖችም አሉ። ለአንድ ተከራይ የተሰጠ ምሥጢር ከተከራዩ እንግዳ፣ ከእንግዳው ጓደኛ ዘንድ ለመድረስ ቀናት አይፈጅበትም። ያላዋጣ ሰው ሲጠቀም መታየቱ፣ ፊልም የሚያወርድ አንዱ የሌላውን የቪዲዮ ጥሪ ማቋረጡ፣ ከዚያም ጭቅጭቁ ይከተላል። የቤቱ ባለቤት በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ በራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር አይቶ የማያውቀውን «ብሎክ» ያደርጋል። ይህ እገዳ የሚመሠረተው ማክ አድራሻ በተባለ የመሣሪያው መለያ ቁጥር ላይ ነው። የዛሬ ስልኮች ግን ባለቤታቸውን ከክትትል ለመጠበቅ ሲባል ለየመረቡ የፈጠራ ቁጥር ያሳያሉ፤ ተጠቃሚውም በስልኩ ቅንብር ውስጥ አንድ ነገር ነክቶ ቁጥሩን ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የታገደው ስልክ ነገ እንደ አዲስ እንግዳ ይመጣል። እገዳው የሚያጠቃው የማያውቀውን ብቻ ነው፤ የሚያውቀውንማ አያስቆመውም።

የተሻለው መንገድ አንዱን መረብ ለብዙ መከፋፈል ነው። ብዙ የፋይበር ሣጥኖች በአንድ ጊዜ እስከ አራት የሚደርሱ የዋይፋይ ስሞችን፣ እያንዳንዱን ከየራሱ የይለፍ ቃል ጋር፣ ለማሰራጨት ይፈቅዳሉ። ለባለቤቱ ቤተሰብ አንድ፣ ለፊት ለፊቱ ቤት አንድ፣ ለኋለኛው ቤት አንድ፣ ለእንግዳ አንድ ቢሰጥ፣ ምሥጢሩ ያመለጠው ከየትኛው ቤት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ ያን አንዱን መቀየርም ሌሎቹን አያስቸግርም። ክፍያውን ያቆመ ተከራይ ሲኖርም የእርሱ ስም ብቻ ይዘጋል። ይህ አሠራር የጭቅጭቁን ግማሽ እንደሚያስቀር መገመት አያዳግትም፤ ሆኖም በሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ነው፣ ምክንያቱም ለመክፈት የአስተዳዳሪው መለያ ያስፈልጋል። ለየሰው የራሱን ስምና ምሥጢር የሚሰጥ፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት የረቀቀ ሥርዓትም አለ፤ እርሱ ግን የተለየ መዝጋቢ ኮምፒውተር ስለሚፈልግ ለግቢ የሚሆን አይደለም።

ስሞቹን መለያየት ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሰፊው የሚሠራው ደብሊውፒኤ2 የተባለው የምስጢር ጥበቃ በአንድ የይለፍ ቃል የሚገቡ ሰዎችን ከውጭ ሰው ይጠብቃቸዋል እንጂ እርስ በርሳቸው በሚገባ አይጋርዳቸውም፤ ምሥጢሩን የሚያውቅ የሠለጠነ ጎረቤት የሌላውን የአየር ላይ ልውውጥ ሊፈታ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ደብሊውፒኤ3 ይህን ቀዳዳ ደፍኗል፤ ራውተሩም ስልኩም የሚያውቁት ከሆነ መመረጥ ያለበት እርሱ ነው። የፒያሳ ካፌዎች፣ ወርቅ ቤቶችና ፎቶ ቤቶች ደግሞ ለደንበኛ የሚሰጡት ዋይፋይ የሒሳብ ኮምፒውተራቸውና የጥበቃ ካሜራቸው ካለበት መረብ የተለየ የእንግዳ መረብ መሆን አለበት፤ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው ሁሉ የካሜራውን መግቢያ ገጽ መክፈት ከቻለ ነገሩ የሱቁን መጋዘን ክፍት እንደመተው ነው።

የአራዳ ቤቶች ግንብም በዚህ ጉዳይ ይገባል። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሰዋል፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ያዳክመዋል፣ የጭቃ ግድግዳም ከእርጥበቱ ጋር ቀላል አይደለም። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሰራጨው ከ5 ጊጋኸርዙ ይልቅ ግድግዳ ያልፋል፣ በፍጥነቱ ግን ያንሳል። ስለዚህ ጓሮ ያሉት ቤቶች ሁለተኛ ራውተር ገዝተው በኬብል ይቀጥሉበታል፤ ችግርም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ሣጥኖች ከፋብሪካ 192.168.1.1 ሆነው ከመጡ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም አድራሻ ማደል ከጀመሩም ስልኮቹ ከሁለት ሹም የተለያየ ትእዛዝ ይቀበላሉ። መፍትሔው ሁለተኛውን ብቻውን ከፍቶ አድራሻውን ለምሳሌ 192.168.1.2 ማድረግ፣ ዲኤችሲፒ የተባለውን አድራሻ የማደል ሥራ በእርሱ ላይ ማጥፋት፣ ከዚያም ኬብሉን በሁለቱም በኩል በውስጥ ቀዳዳዎቹ ማገናኘት ነው። ይህ ሁለተኛ ሣጥን የራሱ አስተዳዳሪ እንዳለው፣ የዚያም የይለፍ ቃል መቀየር እንዳለበት ግን በቀላሉ ይረሳል፤ የፊተኛው በር ተቆልፎ የጓሮው ክፍት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ቅንብሩ ይጠፋ ይሆን የሚል ስጋት አለ። ራውተሩ ቅንብሩን የሚጽፈው ኃይል ሲቋረጥ በማይጠፋ ማኅደር ላይ ስለሆነ ማጥፋትና ማብራት፣ በተለመደው ቃል ሪስታርት ማድረግ፣ ምንም አያጠፋም፤ አንዳንድ ጊዜም የተንገዳገደ ሣጥንን ያቃናል። ሪሴት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሣጥኑ ጀርባ ባለው ትንሽ ቀዳዳ መርፌ ከትቶ ለጥቂት ሰከንዶች መጫን ሣጥኑን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመልሰዋል፤ የዋይፋዩ ስም፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል፣ የተከፋፈሉት መረቦች፣ እንዲሁም ከሁሉ በላይ የደንበኝነት መለያው አብረው ይጠፋሉ። የመጨረሻው በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ከሌለው ወይም ሣጥኑ ከሩቅ የሚስተካከል ዓይነት ካልሆነ፣ ቤቱ ያለ ኢንተርኔት ሆኖ ወደ ቴሌ የደንበኞች አገልግሎት 994 ደውሎ ወይም የሽያጭ ማእከል ሄዶ ሰው እስኪያስተካክልለት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል የረሳ ሰው ከሪሴት ሌላ አማራጭ የለውም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ከመጫኑ በፊት ግን የደንበኝነት ስሙንና ምሥጢሩን መጠየቅ ይኖርበታል። ገጹን መክፈት የሚችል ሰው ደግሞ «ባክአፕ» በሚለው ክፍል ቅንብሩን ሁሉ በአንድ ፋይል ቢያስቀምጥ በኋላ ይድናል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የኮምፒውተር ወንጀልን ለመደንገግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ኔትዎርክ መግባትን በአንቀጽ 3 ወንጀል አድርጎታል። የጎረቤትን የአስተዳዳሪ ገጽ በፋብሪካ የይለፍ ቃል ከፍቶ መግባትም በዚህ ውስጥ ስለሚወድቅ እንደ ጨዋታ ሊታይ አይገባውም፤ በሩ መከፈቱ ፈቃድ አይሆንም። በሌላ በኩል ደግሞ መስመሩ በስሙ የሆነው ሰው በግቢው ስም የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእርሱ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ከላይ እንደተባለው ከውጭ የሚታየው አድራሻ አንድ ነውና። የራውተሩ ማኅደር ማን መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየው ለአጭር ጊዜ ነው፣ ብዙውም ሣጥኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለሌሎች ማካፈል የደንበኝነት ውሉ የሚፈቅደው መሆን አለመሆኑንም ውሉን አውጥቶ ማንበብ እንጂ መገመት አይበጅም።

በ2016 ዓ.ም. የመንገድ ዳር ሰፈሮችን የማደስ ሥራ የሆነው የኮሪደር ልማት ፒያሳን ሲነካ ብዙ የአራዳ አባወራዎች ከነባር ግቢዎቻቸው ተነሥተው በከተማዋ ዳርቻ ወደሚገኙ መኖሪያዎች ሄደዋል፤ ራውተሮቻቸውም ከቴሌቪዥኑና ከምጣዱ ጋር ተጭነዋል። በእንዲህ ያለ ዝውውር ጊዜ ሣጥኑ ለሌላ ሰው የሚተው ወይም የሚሸጥ ከሆነ ሪሴት ማድረግ የግድ ነው፤ ካልሆነ የቀድሞው ቤት የይለፍ ቃሎችና የደንበኝነት መለያው ከነሣጥኑ ለአዲሱ ባለቤት ይሰጣሉ። አብሮ የሚወሰድ ከሆነ ግን ሪሴት ከማድረግ ይልቅ ቅንብሩን መጠበቅና የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ብቻ መቀየር ይቀላል፤ የድሮዎቹ የግቢ ሰዎች ስልክ በአዲሱ ሰፈር እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ሳይጠይቅ እንዳይገናኝ ነው። ሪሴት የማይደርስበት አንድ ነገር አለ። የደንበኝነት መለያው በሣጥኑ ውስጥ ቢሰረዝም በአገልግሎት ሰጪው መዝገብ ላይ ሕያው ሆኖ ይቀራል፤ የፈረሰው ቤት መስመር እንዲዛወር ወይም እንዲዘጋ ደንበኛው መታወቂያውን ይዞ ራሱ ቀርቦ እስኪያመለክት ድረስ ወርኃዊው ሒሳብ በስሙ መቆጠሩን ሊቀጥል ይችላል።